ካርዱ የት አለ?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት፥ ስለ ክትባትና ስለ መድኃኒት ባለሙያዎች፥ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



 የመጨረሻውን ክፍል የምንፈጽም ተማሪዎች በበዓሉ ቀን አንድ ንግግር ማድረጋችን የቆየ ልማድ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ ሀገር ፍቅር፥ ስለ ጊዜ አጠቃቀም መልካም መልካም ነገር ተናግረው አልፈዋል። እኛ ዘንድሮ የመረጥነው አርእስት ግን ትንሽ የሚመስል ነው። ይኸውም በየሰፈራችን መንገድ ዳር ስላለው መድኃኒት ቤትና ከባንኮኒው በስተኋላ ነጭ ጋዎን ለብሶ ስለሚቆመው ባለሙያ ነው። ይህ ሰው ክትባት ላልደረሳቸው ልጆች ምን ሊያደርግላቸው ይችላል? ብለን እንጠይቃለን።

አርእስቱን ያገኘነው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአንዲት እናት ነው።

ባለፈው ዓመት የጤና ክበባችን አባሎች ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎሮ ወዲያ፥ በአዳዲሶቹ ሕንፃዎች አካባቢ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች ስለ እጅ መታጠብና ስለ ንጹሕ ውሃ ልናስተምር እንሄድ ነበር። በዚያም ከገጠር የመጣች አንዲት እናት አገኘን። ባሏ ባላለቀ ፎቅ ላይ ዘበኛ ነው፤ ቤታቸውም በዚያው ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል ናት። እርሷ ሕፃኗን አዝላ በቀን ሥራ አሸዋና ጠጠር ታመላልሳለች። ልጁ በዚያን ጊዜ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖት ነበር። ከፊቱ ቆመን ስናጨበጭብ ይስቃል፤ ከበስተኋላው ስናጨበጭብ ግን አይዞርም።

ምን እንደ ሆነ ጠየቅናት። ኩፍኝ ይዞት እንደ ነበር፥ ከኩፍኙም በኋላ ጆሮው መግል ሲያመጣ እንደ ሰነበተ ነገረችን። «ተከትቦ ነበር ወይ?» ብንላት ከፌስታል ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ካርድ አወጣችልን። በ6 ሳምንት፥ በ10 ሳምንትና በ14 ሳምንት የተሰጠው ሁሉ በሥርዓት ተጽፎበታል። የ9 ወሩ መስመር ግን ባዶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ዘጠኝ ወር ሲሞላው እናቲቱ የግማሽ ቀን ደመወዟን ትታ ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄዳ ነበር። «ዛሬ የመጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ብልቃጡ ለአሥር ልጆች ነው፤ ሐሙስ ነዪ» ተባለች። ሐሙስ ደግሞ ፎቁ ላይ አርማታ የሚሞላበት ቀን ሆነ። አርማታ በሚሞላበት ቀን የቀረ ሠራተኛ በማግስቱ ሥራ እንደማያገኝ እርሷ ታውቃለች። በዚህ ምክንያት ሐሙስ አለፈ፤ የሚቀጥለውም ሐሙስ አለፈ። ከዚያ በኋላ ልጁ ጉንፋን ያዘው፤ ወደ መድኃኒት ቤት ሄዳ የሳል ሽሮፕ ገዛች። ከሳምንታት በኋላ ተቅማጥ ያዘው፤ ሄዳ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ገዛች። በሦስተኛው ጊዜ የሄደችው ፊቱና ደረቱ ሽፍ ብሎ፥ ዓይኖቹ ቀልተው ነው። ሦስት ጊዜ ከባንኮኒው ፊት ቆመች፤ ሦስት ጊዜ ገንዘቧን ከፍላ መድኃኒቷን ተቀበለች፤ አንድም ጊዜ ግን «የክትባት ካርዱ የት አለ?» ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ሴትዮዋ በማንም ላይ አልተማረረችም። «የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እወስደው ነበር» አለችን እንጂ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ክቡራንና ክቡራት፥ ይህ አነጋገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልባችን አልወጣም። የዛሬው ንግግራችን በሙሉ የዚህ አነጋገር ትርጓሜ ነው ብንል አንሳሳትም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ክትባት የዚህ ምሳሌ ሁነኛ ማስረጃ ነው። ነገሩም ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። ዘመናዊው ሕክምና ሳይገባ በፊት በሀገራችን በልዩ ልዩ ክፍሎች የነበሩ ሰዎች ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል ጥቂት ወስደው በጤነኛው ሰው ክንድ ላይ ቆዳውን በስተው ያስገቡ ነበር። ይህ አደጋ የነበረበት ቢሆንም ቅሉ፥ ቀላል ሕመም ከባዱን ሞት እንዲከለክል መታሰቡ የአስተዋይነት ምልክት ነው።

ፈንጣጣን ከሀገራችን ለማጥፋት ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ ታላቅ ዘመቻ ተደረገ። ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችና የውጭ ሀገር በጎ ፈቃደኞች በእግር፥ በበቅሎና በሄሊኮፕተር ተራራውንና በረሃውን አዳረሱት። የሀገራችን የመጨረሻው ፈንጣጣ በባሌ በኩል ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. ተገኘ፤ ከዚያም በኋላ በኢትዮጵያ አልታየም። በዚያ የዓለም ዘመቻ ሠራተኞቹ ከመርፌው ሌላ ይይዙት የነበረ አንድ መሣሪያ አለ፤ ይኸውም ፈንጣጣ የወጣበት ሕፃን ሥዕል ያለበት ካርድ ነው። ገበያ ውስጥ ገብተው፥ ትምህርት ቤት ገብተው፥ ካርዱን እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ብዙውን ጊዜ መልሱን የሚሰጡት እንደኛ ያሉ ተማሪዎች ነበሩ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያን አስፈሪ በሽታ ያጠፋው መርፌ ብቻ አይደለም፤ መርፌና ጥያቄ አንድ ላይ ሆነው ነው።

ከዚያ በኋላ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1980 ለሕፃናት የሚሰጠው መደበኛ የክትባት ፕሮግራም በሀገራችን ተጀመረ። በመጀመሪያ የታሰቡት ስድስት በሽታዎች ናቸው፤ እነርሱም የሳንባ ነቀርሳ፥ ጉሮሮ ዘጊ፥ ትክትክ፥ መንጋጋ ቆልፍ፥ የልጅነት ልምሻና ኩፍኝ ናቸው። በ2007 አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት ገባ፤ በ2011 የሳንባ ምች፥ በ2013 የተቅማጥ ክትባት ተጨመረ፤ በ2018 መጨረሻ ለልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ተጀመረ፤ በ2019 ደግሞ ኩፍኝ በ15 ወር ሁለተኛ ጊዜ እንዲሰጥ ተደረገ። (ከዚህ በኋላም «እ.ኤ.አ.» ስንል ይህንኑ አቈጣጠር ማለታችን ነው።) ይህ ሁሉ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው። እጅግ የሚያኮራ ሥራ ነው።

ሆኖም ምን ያህሉ ሕፃን አገኘው? ብለን ስንጠይቅ ደስታችን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፥ በኢትዮጵያ ከ12 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት መካከል መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት ከመቶ 39 ብቻ ናቸው። በአፋር ከመቶ 15 ነበሩ። በአዲስ አበባ ግን ከመቶ 89 ደርሰው ነበር። ይህን ቍጥር ስንሰማ እኛ የአዲስ አበባ ልጆች «እሰይ! የእኛስ ነገር አልቋል» ብለን ልንቀመጥ እንችል ይሆናል። ነገር ግን ከመቶ 89 ማለት 11 ቀርተዋል ማለት ነው። እነዚያ 11 እነማን ናቸው? የት ነው የሚያድሩት?

ወደ ምሥራቅ በኩል እንመልከት። ከተማችን የምትሰፋው ወደዚሁ በኩል ነው። ከመገናኛ ተነሥቶ በገርጂና በጃክሮስ አልፎ ወደ ጎሮ፥ ወደ ሰሚት፥ ወደ አያት፥ ወደ ቦሌ አራብሳ የሚሄድ ሰው፥ አባቱ እርሻ ሆኖ ያየው መሬት ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኖ ያገኘዋል። ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ አዲሱ የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የቆመውም ስለዚህ ነው። በቦሌ ትላልቅ ሆቴሎችና ባንኮች አሉ፤ ሌሊት ከአውሮፕላን ላይ ሲያዩት ከተማው የተዘረጋ ዕንቍ ይመስላል። ከዚያ ዕንቍ ሥር ግን ፎቁን የሚሠሩት የቀን ሠራተኞች አሉ፤ በላስቲክና በቆርቆሮ ቤት ያድራሉ፤ ፎቁ ሲያልቅ ወደ ሌላ ፎቅ ይሄዳሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር በመዝገቧ የጻፈችው ቤተ ሰብ በሚቀጥለው ወር ያንን ቦታ ለቆ ሄዷል። የቤት ቍጥር የለውም፤ ቀበሌውንም አያውቅም፤ ጤና ጣቢያው በየት በኩል እንደ ሆነ የሚነግረው ጎረቤት የለውም።

ከነዚህም ሌላ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ልጃገረዶች አሉ። የክፍላችን ሴት ልጆች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያውን የወሰዱት በትምህርት ቤት ነው፤ መምህሯ ስም ጠራች፤ ነርሷ ወጋች፤ በአንድ ጠዋት አለቀ። በዚያው ጠዋት ከግቢያችን አጥር ማዶ እኩያቸው የሆነች አንዲት ልጅ የሰው ልጅ አዝላ ልብስ ታሰጣ ነበር። ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉት ልጃገረዶችም እንዲከተቡ ተፈቅዶላቸዋል፤ ነገር ግን ፈቃዱን ማን ይነግራታል? ስሟን ማን ይጠራል?

እዚህ ላይ መድኃኒት ቤቱ ይመጣል። ስለ ምን ቢሉ፥ ያችን ልጅ እመቤቷ በሳምንት አንድ ጊዜ የራስ ምታት ክኒን ወይም የስኳር መድኃኒት ግዢ ብላ ትልካታለች። የቀን ሠራተኛው እጁን ሚስማር ሲወጋው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ መድኃኒት ቤት ነው። እናት ልጇ ሌሊት ሲያስል ካደረ ጠዋት የምታንኳኳው የመድኃኒት ቤቱን በር ነው። ወረፋ የለውም፤ ካርድ ማውጫ የለውም፤ ማታም ክፍት ነው፤ ሥራ ሳይፈቱ ይደረስበታል። እነዚያ በመዝገብ ያልተገኙ 11 ሕፃናት ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ በእናታቸው ጀርባ ላይ ሆነው በዚህ በር ገብተው ወጥተዋል ብለን እናምናለን።

ከባንኮኒው ጀርባ ያለውም ሰው ተራ ነጋዴ አይደለም። በሀገራችን ዘመናዊ መድኃኒት ቤት የተከፈተው በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ ነው፤ ከጆርጂያ የመጣው ሐኪም ሜራብ በአዲስ አበባ ያቋቋመው መድኃኒት ቤት ከመጀመሪያዎቹ ይቈጠራል። የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤትም እ.ኤ.አ. በ1961 ተቋቁሞ የሀገሪቱን ልጆች ማስተማር ጀመረ። ፋርማሲስት የሚሆን ሰው ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ይማራል፤ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚያደርገውን፥ የሚጠቅምበትንና የሚጐዳበትን መጠን ያውቃል።

ክትባትስ ቢሆን መች ከእጁ ውጭ ሆነ? በሀገራችን መደበኛውን ክትባት የሚወጉት ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ብልቃጡ ነርሷ እጅ እስኪደርስ ድረስ የሚያልፍበት መንገድ በብዙው የመድኃኒት ባለሙያ መንገድ ነው። ለመላው ሀገሪቱ ክትባት የሚያከማቸውና የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። ክትባት ደግሞ እንደ ሌላው መድኃኒት በመደርደሪያ የሚቀመጥ አይደለም። አብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ሆኖ ከፋብሪካ እስከ ሕፃኑ ክንድ መድረስ አለበት። ብዙ ሰው ክትባትን የሚያበላሸው ሙቀት ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እንደ አምስቱ በሽታዎች ክትባት ያሉት በረዶ ከሆኑም ይበላሻሉ። ስለዚህ ጠባቂው የማቀዝቀዣውን ሙቀት መለኪያ ጠዋትና ማታ ተመልክቶ ይጽፋል። በብልቃጡ ላይም ትንሽ ምልክት አለች፤ በክብ ውስጥ ያለች አራት ማዕዘን ናት። ሙቀት ሲበዛባት እየጠቈረች ትሄዳለች፤ ከክቡ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ከሆነች ያ ብልቃጥ ለሰው አይሰጥም። ይህን የሚጠብቅ ሰው እንቅልፍ ቢወስደው መርፌው ውሃ ከመውጋት አይሻልም፤ እናቲቱም ልጄ ተከትቧል ብላ ተታልላ ትቀመጣለች።

የዚህን ሥራ ታላቅነት በገዛ ሰፈራችን አይተነዋል። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ከ2 ሚሊዮን በላይ የሚሆን የኮቪድ ክትባት በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ። መጋቢት 4 ቀን በኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል የመጀመሪያዎቹ የጤና ሠራተኞች ተከተቡ። ቦሌም ኮተቤም የኛው ምሥራቅ አዲስ አበባ ናቸው። ከባሕር ማዶ ተሠርቶ የመጣ ብልቃጥ በስድስት ቀን ውስጥ ከአውሮፕላን ወርዶ፥ ቅዝቃዜው ሳይጓደል ሰው ክንድ ላይ ደረሰ። እንግዲህ ከውጭ ሀገር እስከ ቦሌ የሚደርሰው መንገድ ተችሏል ማለት ነው። የቀረን ከቦሌ እስከ ጎሮ ያለው መንገድ ነው። እርሱም በኪሎ ሜትር ሲለካ አጭር ነው፤ በድህነትና ባለማወቅ ሲለካ ግን ረጅም ነው።

ሌሎች ሀገሮች ምን እንዳደረጉ እንይ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ፋርማሲስቶች ሠልጥነው ክትባት መስጠት ጀመሩ፤ በ2009 በሃምሳዎቹም ስቴቶች በሕግ ተፈቀደላቸው። ፖርቱጋል በ2008 የኢንፍሉዌንዛን ክትባት በመድኃኒት ቤት አስጀመረች፤ በእንግሊዝ በ2015፥ በፈረንሳይ በ2019 በሀገር አቀፍ ደረጃ ተፈቀደ። በኮቪድ ዘመንም በነዚህ ሀገሮች ስፍር ቍጥር የሌለው ሕዝብ በሰፈሩ መድኃኒት ቤት ተከተበ። ይህ የሚያስተምረን ነገር ቢኖር፥ ሰው ክትባት ወዳለበት እንዲሄድ ከመጠበቅ ክትባቱን ሰው ወደሚመላለስበት ቦታ ማምጣት እንደሚሻል ነው።

አንዳንድ ሰው ግን ይቃወመን ይሆናል፤ መቃወሙም ምክንያት አለው። «መድኃኒት ቤት ንግድ ቤት ነው፤ በነጻ የሚሰጠውን ነገር ሊሸጠው ነው» ይል ይሆናል። «መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ምን ይሆናል? ከክትባት በኋላ ድንገት ሰው ቢዝለፈለፍ ማን ያነሣዋል?» ይል ይሆናል። በነዚያ ባለጠጋ ሀገሮችም በመድኃኒት ቤት የሚከተበው ይበልጡን አዋቂ ሰው ነው እንጂ ሕፃን አይደለም። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ስለዚህ እኛ ነገ ጠዋት በየመድኃኒት ቤቱ መርፌ ይሰጥ አንልም። ያለ ሕግ፥ ያለ ሥልጠናና ያለ አስተማማኝ ማቀዝቀዣ መርፌ መስጠት ወንጀል ነው። መንግሥትና ባለሙያዎች መርምረው፥ አንድ ቀን ለአዋቂዎች በሚሰጠው ክትባት ቢጀምሩ መልካም ይሆናል። ያ ቀን እስኪመጣ ግን የሚደረግ ነገር የለም ማለት አይደለም። መጠየቅ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ማቀዝቀዣም አይፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም አይበላሽም።

ስለዚህ ለምሥራቅ አዲስ አበባ መድኃኒት ቤቶች፥ ለግሎቹም ለከነማዎቹም፥ እንደ ልጆቻቸው ሆነን ሦስት ነገር እንለምናለን።

አንደኛ፥ ለሕፃን መድኃኒት ሊገዛ የመጣን ሰው ሁሉ «ልጁ ስንት ወሩ ነው? ካርዱ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ሁለተኛ፥ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚከትብ፥ መንገዱም በየት በኩል እንደ ሆነ፥ ያለ ክፍያ መሆኑንም ጭምር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ። ማንበብ ለማይችለው በአፋችሁ ንገሩት።

ሦስተኛ፥ ከጤና ጣቢያውና ከኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ተዋወቁ። አንድ እናት ብቻዋን ሄዳ ከምትመለስ፥ በአንድ ቀን የሚሄዱ አምስት እናቶች እንዳሉ ብትነግሯቸው ብልቃጡ ይከፈታል። የኩፍኙ ብልቃጥ ለአሥር ልጆች የሚሆን ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ ሠራተኛዋ መሳሳቷ ከክፋት አይደለም። ቢሆንም ለሕፃን ጆሮ ሲባል ዘጠኝ ጠብታ ቢፈስ ይሻላል ብለን በድፍረት እንናገራለን።

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ልንናዘዝ ይገባናል። ሌላውን ስንወቅስ ቆይተን የራሳችንን ብንደብቅ ይህ በዓል አይባረክልንም። ያቺን እናት ካርዷን የጠየቅናት በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ሁለት ጊዜ በዚያው ግቢ አልፈናል። ልጁ በዚያን ጊዜ ጤነኛ ነበር፤ እንዲያውም ሳሙናውን ከእጃችን ነጥቆ እንዳሳቀን እናስታውሳለን። እኛ ግን የያዝነው ትምህርት ስለ እጅ መታጠብ ስለ ነበረ ስለ እጅ መታጠብ ብቻ ተናግረን ሄድን። ስለ ክትባት መጠየቅ የሌላ ሰው ሥራ መሰለን። እንግዲህ በዚያ ሕፃን ጆሮ መድኃኒት ቤቱ ብቻ ሳይሆን እኛም ባለ ዕዳ ነን።

ዕዳውን ለመክፈል ያደረግነው ትንሽ ነው። የጤና ጣቢያውን የክትባት ቀን በካርቶን ላይ በእጃችን ጽፈን ከጃክሮስ እስከ ጎሮ ባሉት ጥቂት መድኃኒት ቤቶች አዞርን። አንዱ «ግድግዳዬ ለማስታወቂያ አይበቃም» ብሎ መለሰን። ሌላው ተቀብሎ ከመደርደሪያ ሥር አስቀመጠው። አንዲት ፋርማሲስት ግን ወረቀቱን አንብባ፥ ፈገግ ብላ፥ ገንዘብ በሚከፈልበት ቦታ ላይ ለጠፈችውና «ልጆቼ፥ ለጥፌላችኋለሁ፤ ነገር ግን ወረቀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አፍ ነው» አለችን። ከአንድ ወር በኋላ ስንመለስ ያየነውን እንንገራችሁ። ለአንዲት እናት የሳል ሽሮፕ ስትሰጥ በካርቶኑ ላይ እንደ ልማዷ «በቀን 3 ጊዜ» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ዝቅ ብላ በዚያው እስክሪብቶ «ሐሙስ ጠዋት፥ ጤና ጣቢያ» ብላ ጨመረች። እናቲቱም ካርቶኑን እንደ መድኃኒቱ አድርጋ በጥንቃቄ ያዘችው።

የተወደዳችሁ መምህራኖቻችን፥ በዚህ ትምህርት ቤት ብዙ ነገር አስተምራችሁናል። ከመካከላችን ሐኪም ለመሆን የሚመኝ አለ፤ መሐንዲስ ለመሆን የሚመኝ አለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ ፋርማሲስት እሆናለሁ ያሉ ሁለት ጓደኞች አሉን። ቀድሞ ብንሰማቸው «ክኒን ልትቈጥሩ ነው ወይ?» ብለን እንቀልድባቸው ይሆን ነበር። ዛሬ ግን አንቀልድም። በሰፈር መግቢያ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ሕፃን ሁሉ የሚያይ ሰው ዘበኛ ነው፤ ዘበኛ ደግሞ ሥራው መጠየቅ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች፥ እናንተንም አንድ ነገር እንለምናለን። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ልጅ የምታዝልላችሁን ልጅ፥ በር የሚከፍትላችሁን ዘበኛ፥ ልብስ የምታጥብላችሁን ሴት አንድ ጊዜ ጠይቋቸው። ልጅ አላችሁ ወይ? ካርዱ የት አለ? በሏቸው። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል ፍቀዱላቸው፤ ደመወዛቸውን አትቍረጡባቸው።

የዚያች እናት ነገር ምን ሆነ? ብላችሁ ትጠይቁን ይሆናል። አንዲት የክፍላችን ልጅ በአንድ ሐሙስ ጠዋት አብራት ሄደች። ያመለጠው የኩፍኝ ክትባት ተሰጠው፤ ከወር በኋላም ሁለተኛው ተደገመለት። ለጆሮውም ወደ ሐኪም ተልኳል፤ በአንዱ በኩል ይሰማል፤ በሌላው በኩል ምን ያህል እንደሚድን ገና ይታያል። ባዶ የነበረው መስመር ግን ዛሬ ባዶ አይደለም። ካርዱን ደግማ በጨርቅ ጠቅልላ ፌስታሉ ውስጥ ስትከተው አይተናል። ሁለተኛ ልጇን አርግዛለች፤ «ለዚህኛውስ ሳልጠየቅም እሄዳለሁ» ብላናለች።